ሰባት ዙር፦ ከሶፋና መርዋ እስከ ዶርዜ ዳገት



ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወስደውን መንገድ አንዴ የወጣ ሰው ዳገቱን አይረሳውም። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 37 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ዶርዜ የምትገኘው በዚሁ መንገድ፣ ጨንቻ ከመደረሱ በፊት ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ሙቀቱ ይለቃል፣ ብርዱ ይጀምራል።

በመኪናው መስኮት ግን ከሐይቆቹ የበለጠ የሚታይ ነገር አለ። በገበያ ቀን ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡ እናቶችና አባቶች! ጀርባቸው ላይ እንጨት፣ ድንች ወይም ቀርከሃ ተሸክመዋል። ብዙዎቹ የሴት አያቶቻችን፣ የወንድ አያቶቻችን እኩዮች ናቸው። አይሮጡም፣ አይቸኩሉምም። ግን አይቆሙም። ማንም ስፖርተኛ ብሏቸው አያውቅም፣ እነሱም ራሳቸውን እንደዚያ አይጠሩም።

እኛ ደግሞ? ከሲቀላ ሴቻ ለመውጣት ባጃጅ እንጠብቃለን። መስጂዱ ሁለት መታጠፊያ ርቆ ከሆነ «ሩቅ ነው» እንላለን። ስፖርት ሲባል የሚታየን የ20 ዓመት ልጅ ነው። ጂም፣ ኳስ፣ ጡንቻ። 30 ሲሞላን «አሁንማ አረጀን» ብለን እንተወዋለን። ከዚያ 50ን ስንሻገር ጉልበት ሱጁድ ይከለክለናል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይከተላሉ። ሐጅ ለመሄድ ገንዘቡ ሲሞላልን እግሩ ከድቶን ይገኛል።

ዛሬ የምናየው ታሪክ ይህን ልማዳችንን ይመለከታል። በዲናችን ታሪክ ውስጥ የአካል ጽናት የወጣት ጨዋታ ብቻ ነበር? ወይስ በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ድርሻ ነበራቸው?

*ከሐበሻ የሆነችው እናት*

ጉዳዩን ከሀገራችን ልጅ እንጀምር። ስሟ በረካ ነው። ታሪክ የሚያውቃት ግን ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) በሚለው መጠሪያዋ ነው። ሐበሻዊት ናት። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባት ቤት ታገለግል ነበር። ነቢያችን የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና አብዋእ በተባለ ስፍራ በመንገድ ላይ ሲሞቱ፣ ሕፃኑን ይዛ ወደ መካ የመለሰችው እሷ ናት። ነቢዩም ከእናቴ በኋላ እናቴ ናት ይሏት እንደነበር ተዘግቧል።

አሁን ዕድሜዋን አስሉት። ነቢያችን ወደ መዲና ሲሰደዱ 53 ዓመታቸው ነበር። የ6 ዓመት ሕፃን ይዛ በረሃ ያቋረጠች ሴት ያን ጊዜ ቢያንስ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ መሆን አለባት። ስለዚህ በሒጅራ ወቅት ዕድሜዋ 60 ዓመትን የነካ ወይም ያለፈ ነው ማለት ነው።

ኢብን ሰዕድ እና ከእሳቸው በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ኡሙ አይመን ከመካ ወደ መዲና የተሰደደችው በእግሯ፣ ስንቅ ሳትይዝ፣ በዚያ ላይ ፆመኛ ሆና ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ረውሓእ አጠገብ ሲመሽባት ጥማቱ ሊገድላት ደረሰ። ከሰማይ በነጭ ገመድ የታሰረ የውኃ ባልዲ ወረደላትና እስክትረካ ጠጣች። ከዚያ በኋላ ሆን ብላ በጠራራ ፀሐይ ብትፆምም ጥማት ተሰምቷት እንደማያውቅ ትናገር ነበር ይላሉ።

ይህ ከራማ ነው፣ ከአላህ የተሰጣት ክብር። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ባልዲው የወረደው ቤቷ ለተቀመጠች ሴት አይደለም። መንገዱን ጀምራ፣ አቅሟ እስኪያልቅ ለተጓዘች ሴት ነው። ጉዞዋም በመዲና አላበቃም። በኡሑድ ቀን ውኃ ስታጠጣና ቁስለኛ ስታክም እናገኛታለን። በኸይበርም ነበረች። አንዲት የሐበሻ እናት፣ ዕድሜዋ ከ60 በላይ፣ የጦር ሜዳ ላይ ውኃ ተሸክማ!

*በ60 ዓመት የተሮጠ ሩጫ*

ሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለፈው ዓመት በሑደይቢያ የተከለከሉትን ዑምራ ሊያደርጉ ሶሓቦቻቸውን ይዘው መካ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ደርሷል። ቁረይሾች ከተማዋን ለቀው ከተራራ ላይ ሆነው ይመለከታሉ፣ ያሾፋሉም። የመዲና ወባ አድክሟቸዋል፣ መቆም እንኳ የማይችሉ ሰዎች መጡባችሁ ይባባላሉ።

የነቢያችን መልስ ንግግር አልነበረም። ሶሓቦቻቸው በከዕባ ዙሪያ ከሚያደርጉት ሰባት ዙር ውስጥ ሦስቱን በሶምሶማ እንዲሮጡ አዘዙ። ይህ «ረመል» የሚባለው ነው። ቁረይሾች ያዩት የታመመ ሕዝብ ሳይሆን ደረቱን ነፍቶ የሚሮጥ ሕዝብ ሆነ። ሰባቱንም ዙር እንዲሮጡ ያላዘዙት ደግሞ ለሶሓቦቹ አዝነው እንደሆነ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ጥንካሬና ርኅራኄ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ!

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በስንብት ሐጅ፣ መካ ተከፍታ የሚያሾፍ ጠላት በሌለበት ጊዜ፣ ነቢዩ በ63 ዓመታቸው ረመሉን ደገሙት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሱና ሆኖ ቀረ።

ሰዕይም እንደዚሁ ነው። በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለስ በድምሩ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። መነሻው የስፖርት ውድድር አይደለም። የአንዲት እናት፣ የሀጀር (ዐ.ሰ.) ሩጫ ነው። ልጇ ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) በውኃ ጥም ሲያለቅስ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ተመላለሰች። አንዴ ሮጣ አጥታ አልተቀመጠችም። ሁለቴም አጥታ አልተቀመጠችም። ዘምዘም የፈለቀው ከሰባተኛው በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ሙስሊም ሁሉ፣ ንጉሥ ይሁን ሸማኔ፣ የእሷን እግር ተከትሎ ይሄዳል።

በቤት ውስጥም ታሪኩ አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን፣ በአንድ ጉዞ ላይ ነቢዩ ሰዎቹን ወደ ፊት አሳልፈው ከእሳቸው ጋር ሩጫ ተወዳደሩ። እሷ ቀጭን ስለነበረች ቀደመች። ዓመታት አለፉ፣ ዓኢሻ ሰውነታቸው ሞላ፣ የመጀመሪያውንም ውድድር ረሱት። ነቢዩ ግን አልረሱም። እንደገና ተወዳደሩና ቀደሟቸው። እየሳቁም ይህ የዚያኛው ብድር ነው የሚል መልእክት ነገሯቸው። እነዚህ ሁለት ውድድሮች የተካሄዱት ነቢዩ 50 ዓመትን ካለፉ በኋላ ነው። ከ50 በኋላ ከሚስቱ ጋር የሚሮጥ፣ ተሸንፎ የማይቆጣ፣ አሸንፎ የሚስቅ ባል በሠፈራችሁ ስንት አለ?

*ራስን ማሰቃየት ግን ዒባዳ አይደለም*

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ታሪክ ሰምቶ ነገ ጠዋት ታማሚ አባቱን ዳገት የሚያስወጣ ወጣት እንዳይኖር!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ሁለት ልጆቹ ደግፈውት እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሽማግሌ አዩ። ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁ በእግሩ ሊሄድ ተስሎ ነው አሏቸው። አላህ ይህ ሰው ራሱን በማሰቃየቱ የሚጠቀመው ነገር እንደሌለ ተናግረው እንዲጫን አዘዙት። ሌላ ጊዜ በመስጂዳቸው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ተወጥሮ አገኙ። ዘይነብ (ረ.ዐ.) በሶላት ስትደክም የምትደገፍበት እንደሆነ ተነገራቸው። ፍቱት አሉ። ሰው ብርታት ሲኖረው ቆሞ ይስገድ፣ ሲደክመው ይቀመጥ ብለው አስተማሩ።

ስለዚህ ወንበር ላይ የሚሰግዱ አባትና እናቶቻችን ሩኽሳቸው ከአላህ ነው። በእርጅና ፆም የማይችል ሰው ፊድያ አለው። ጠዋፉን በጋሪ የሚያደርግ ሐጅ ጎድሎበት አይመለስም። የኛ ጥያቄ ስለ እነሱ አይደለም። ጥያቄያችን ስለ እኛ ነው። ሩኽሳ አቅም ላጣ ሰው የተሰጠ ነው። አቅሙን በ25 ዓመቱ በስንፍና ለሚያባክን ሰው የተሰጠ አይደለም።

አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ ተወዳጁ ጥቂትም ቢሆን ዘወትር የሚሠራው እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። የጽናት ስፖርት ሚስጥሩ ይኸው ነው። አንድ ቀን 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ ወር ሙሉ የሚተኛ ሰው ለእርጅናው ያጠራቀመው ነገር የለም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ግን አጠራቅሟል።

*በእግር የሄዱት ሑጃጆች*

አውሮፕላን ሐጅን የሰዓታት ጉዞ ሳያደርገው በፊት ሐጅ ማለት እግር ማለት ነበር። የሀገራችን ሙስሊሞች ወደ ምጽዋና ወደ ዘይላዕ ወደቦች ይወርዱ የነበረው በቅሎ ላለው በበቅሎ፣ ለሌለው በእግሩ ነው። ከዚያ በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ። ከእነሱም የባሰ የተጓዙ አሉ። «ተክሩሮች» የሚባሉት የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች ከናይጄሪያና ከአካባቢዋ ተነሥተው ሱዳንን በእግር ያቋርጡ ነበር። መንገድ ላይ እየሠሩ፣ እያረሱ፣ ልጅ እየወለዱ ለዓመታት ይጓዛሉ። ከፊሎቹ መተማ ላይ ሠፍረው የራሳቸውን ማኅበረሰብ መሥርተዋል። ወጣት ሆኖ የወጣ ሰው ጎልማሳ ሆኖ ከዕባን ያይ ነበር።

ዛሬ መንገዱ አጠረ፣ ሐጁ ግን አልቀለለም። ሚና፣ ዐረፋ፣ ሙዝደሊፋ፣ ጀመራት፣ ጠዋፍ፣ ሰዕይ፤ አንድ ሑጃጅ በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ይራመዳል፣ በፀሐይና በሰው ግፊት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 (1445 ዓ.ሒ.) ሐጅ ሙቀቱ በመስጂደል ሐራም 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ 83 ከመቶው የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸውና ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ይገኙበታል። አላህ ይማራቸው።

አብዛኛው ሰው ሐጅ የሚያደርገው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። ይህ ማለት በሕይወታችን ትልቁ የአካል ጽናት ፈተና የተቀጠረልን በ60ዎቹ ዓመታችን ነው። ለሐጅ ገንዘብ 20 ዓመት የሚያጠራቅም ሰው እግሩንስ ማጠራቀም የለበትም?

በዚህ ላይ የታላቁን የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም፣ የቃዲ አቡ ጠይብ አጥ-ጦበሪን ታሪክ አስታውሱ። እሳቸው ከ348 እስከ 450 ዓ.ሒ. የኖሩ፣ በባግዳድ ቃዲ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። በእርጅናቸው ዘመን ከጀልባ ወደ ዳርቻው አንዴ ዘለው ወረዱ። ሰዎች ተገርመው በዚህ ዕድሜ እንዴት ይዘላሉ ቢሏቸው፣ እነዚህን አካላት በወጣትነታችን ከወንጀል ጠበቅናቸው፣ አላህም በእርጅናችን ጠበቀልን የሚል መልስ ሰጡ። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምናውቀው ከኃጢአት ስለመራቅ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። የእርጅና አካል የሚሠራው በወጣትነት ነው።

*ከኦሎምፒክ ሜዳ*

ይህን ነገር የሀገራችን ሯጮችም በሜዳ አሳይተውናል። ማሞ ወልዴን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለኢትዮጵያ የሮጠው በ800 እና በ1,500 ሜትር ነበር። ውጤት አልቀናውም። በ1964 ቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ 36 ዓመቱ ነው። በ10,000 ሜትር ብር ካገኘ በኋላ፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት ባቋረጠበት ማራቶን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቅ አመጣ። ሁለተኛ የወጣውን ከ3 ደቂቃ በላይ በልጦታል። በ1972 ሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ በማራቶን ነሐስ ደገመ።

ልብ በሉ፣ ማሞ ፍጥነቱ ሲቀንስ ስፖርቱን አልተወም። ርቀቱን ጨመረ። ሰውነት ከ30 ዓመት በኋላ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየ10 ዓመቱ በ10 ከመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ቀስ ብሎ ያጣል። መጀመሪያ የሚሄደው ፍጥነት ነው፣ ጽናት ዘግይቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ፣ በ2024 የለንደን ማራቶን፣ ከእሱ ብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተፎካክሮ በ2:04:15 ሁለተኛ የወጣው።

ስለ ፆምና ስለ ሩጫ የምትጠይቁ ደግሞ የአዳማዋን ተወላጅ ሲፋን ሐሰንን ታውቋታላችሁ። በ15 ዓመቷ ተሰዳ ኔዘርላንድስ የገባች ሙስሊም እህታችን ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ የሮጠችው ረመዳን ካለቀ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ልምምዷን ያደረገችው በፆም ስለነበር እየሮጡ ውኃ መጠጣትን እንኳ በደንብ አልተለማመደችም። ዳሌዋን አሟት መንገድ ላይ ቆማ ተፍታታች፣ መሪዎቹ ጥለዋት ሄዱ። ተመልሳ ደረሰችባቸውና አሸነፈች። በ2024 ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ስትቀበል ሒጃቧን ለብሳ ነበር።

ከሌላ እምነትም እንማር። ፋውጃ ሲንግ የሚባሉት የፑንጃብ ተወላጅ የሲክ እምነት ተከታይ ማራቶን የጀመሩት በ89 ዓመታቸው ነው። ከ100 ዓመት በኋላም፣ በ2011 ቶሮንቶ ላይ፣ ከ8 ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸው ማራቶን ጨርሰዋል። ስምንት ሰዓት! አላሸነፉም። ግን ጨረሱ።

*ወደ ዶርዜ እንመለስ*

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ይሠራል፣ በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ሲሠራ በጣም ረጅም ነው፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። ከጊዜ ብዛት ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ባለቤቱ ቤቱን አያፈርሰውም። የተበላውን ከታች ይቆርጣል፣ ቤቱ ትንሽ ያጥራል፣ ኑሮው ይቀጥላል። ያስፈለገ ጊዜም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ከነቅርጹ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። እንዲህ እያለ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። አሮጌ የዶርዜ ቤት ከአዲሱ ያጠረ ነው፣ ግን ቆሟል፣ ያሞቃል።

የኛም ሰውነት እንዲሁ ነው። ከሥሩ መበላቱ አይቀርም፣ ይህ የአላህ ሱና ነው። ጥያቄው ቆሞ ያረጃል ወይስ ሳያረጅ ይፈርሳል የሚለው ነው።

ዳገቱን የሚወጡት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሽማኔው ቀኑን ሙሉ እጁም እግሩም ሲሠራ ይውላል፣ እናቲቱ ጥጥ ትፈትላለች፣ ገበያ ትወጣለች ትወርዳለች። ኑሯቸው ከባድ ነው፣ ድህነትን ስፖርት ብለን አናሳምረውም። ሸክማቸው ቢቀልላቸው ደስ ይለናል። ነገር ግን እግራቸው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ እኛ ሸክም ሳይኖርብን መሥራት እንዴት ያቅተናል?

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምንችለውን እናንሣ።

አንደኛ፦ ወደ መስጂድ በእግራችን እንሂድ። በኑ ሰሊማ የተባሉት ሶሓቦች ቤታቸው ከመስጂድ ስለራቀ ወደ አጠገቡ ሊዛወሩ ፈልገው ነበር። ነቢዩ ግን ባሉበት እንዲቆዩ፣ እርምጃቸው እየተጻፈላቸው እንደሆነ ነገሯቸው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠን ያለፍነውን ያህል እርምጃ አልተጻፈልንም።

ሁለተኛ፦ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ፣ 65 ዓመት ላለፈውም ጭምር፣ ቢያንስ ይህን ይመክራል። በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት ለዚህ የተመቸ ነው።

ሦስተኛ፦ አባትና እናትህን ይዘህ ውጣ። ዳገት አይደለም፣ ሜዳው ይበቃል። ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም የጉልበት ችግር ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። በእነሱ ፍጥነት ተራመድ፣ አታስቸኩላቸው። ለሐጅ የተመዘገቡ ከሆነ ደግሞ ከወራት በፊት ጀምሩ። ይህ ለወላጅ በጎ መዋል ነው፣ አጅሩም የዚያው ነው።

አራተኛ፦ እህቶቻችንን አንርሳ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ረጅሙን መንገድ የሄደችው ኡሙ አይመን ናት። ሰባቱን ዙር የጀመረችው ሀጀር ናት። እናቶቻችን ሥርዓታቸውን ጠብቀው የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓትና ቦታ ማመቻቸት የኛ የወንዶቹም ኃላፊነት ነው።

ነገ ሱብሒ ላይ አዛን ሲሰማ ባጃጅ አትፈልግ። ጫማህን አድርግና ውጣ። አባትህ ነቅተው ከሆነ በሩ ላይ ጠብቃቸው።

አላህ በወጣትነታችን የሚታዘዙ፣ በእርጅናችን የሚሰግዱ እግሮች ይስጠን። ሐጅ ያልወፈቃቸውን ወላጆቻችንን ይወፍቃቸው፣ በጤና ወስዶ በጤና ይመልሳቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ለአንድ ጓደኛችሁ አካፍሉ። ከሁሉ በላይ ግን ለአባታችሁና ለእናታችሁ አንብቡላቸው።